የዋግ ልጅነት፦ በዝቋላ ቆላና ደጋ የነበረው የመንደር ኑሮ

ስለ ዋግ የተጻፈውን ታሪክ የሚያገላብጥ ሰው አብዝቶ የሚያገኘው የዋግ ሹሞችን ነገር ነው። ትውልዳቸው ከዛጔ ነገሥታት መሆኑ በትውፊት ይነገራል፤ የብር ነጋሪት የማስመታትና በንጉሥ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ልዩ መብት እንደ ነበራቸውም ይወሳል። ከነርሱ መካከል ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. ዙፋን መያዛቸው፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ስፍራ በካሣ ምርጫ ድል መሆናቸው፣ እንዲሁም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በወረራው ዘመን አርበኞችን መርተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. በጠላት እጅ አንገታቸው መቆረጡ በየመጽሐፉ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነበር፤ ተጽፏልም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ፣ ውሃ የምትቀዳ ልጃገረድ፣ ወፍ ለማባረር ማማ ላይ የሚያድር ብላቴና አይገኝም። ነጋሪቱን የሰማው ሕዝብ አብዛኛው ልጅ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጸሐፊ እምብዛም የለም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ቀድሞው የገጠር ልጅነት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ጥያቄውን የተቀበልሁት በዚህ ምክንያት ነው። በመምህርነት ሙያ ብዙ ዓመት የቆየን የማኅበሩ አባላት ልጅ ምን እንደሚማር ስንጨነቅ ኖረናል፤ ወደ ክፍላችን ከመግባቱ በፊት ምን ያውቅ እንደ ነበር ግን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። የማቀርበው ከራሴ ትዝታና ከቤተ ዘመዶቼ አፍ የሰማሁትን ነው፤ መጻሕፍት በሚደርሱበት ቦታም መጻሕፍቱን ምስክር አድርጌአለሁ።

ዝቋላ ሲባል ብዙው አንባቢ የሚያስበው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለውን፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበትን ተራራ ነው። በሥራ ዘመኔ «የዝቋላ ልጅ ነኝ» ባልሁ ቁጥር ስለ ተራራውና ስለ ሐይቁ ያልተጠየቅሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ የምናገርለት ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርደው፣ ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው። በልጅነቴ ዘመን አገሩ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የዋግ አውራጃ ይባል ነበር። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ በነፋሻማ ምድር ስትቀመጥ፣ የዝቋላ ተረተር ግን እየተሰባበረ፣ እየደረቀና እየሞቀ ወርዶ የተከዜ ገደል ውስጥ ያልቃል። ከላይ ገብስ፣ ከታች ማሽላ፤ ከላይ ብርድ፣ ከታች ወባ። አንድ ቤተ ሰብ ጠዋት በደጋው ካፖርት ደርቦ ወጥቶ ቀትር ላይ በቆላው ጥላ ፍለጋ የሚሯሯጥበት አገር ነው።

በዚያ አገር ዘመን በቁጥር አይነገርም ነበር። አያቴ የተወለዱት «ከክፉ ቀን በኋላ ነው» ይባል ነበር፤ ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረሃብ በ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ያራቆተው ነው። አባቴ «በጣሊያን ጊዜ ፍየል ጠባቂ» ነበረ። እኔ ራሴ «አንበጣው ሲመጣ ታዝሎ የነበረው» ተብዬ እቆጠር ነበር። ይህን አቆጣጠር ኋላ ከተማርሁት ጋር ሳስተያየው የተወለድሁበት ዓመት ከ1944 እስከ 1946 ዓ.ም. መካከል ይወድቃል፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረው 1945 አስታራቂ ይመስላል። በመንደራችን አቆጣጠር የሚታወሰው መከራ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። የደግ ዘመን ስም አልነበረውም።

ልጅ በመንደሩ ውስጥ ማዕርግ ነበረው፤ ማዕርጉም በሚጠብቀው እንስሳ ይታወቃል። ገና ቁንጮው ያልጠነከረ ሕፃን ከቤት ደጃፍ ግልገል ያግዳል። ሰባት ዓመት የሆነው ከፍየሎች ጋር ተራራ ይወጣል። ከብት የሚሰጠው ግን ልብ የገዛ ለሚባለው ነው፤ በሬ ከገደል ቢወድቅ የሚቀጣው ልጁ ብቻ ሳይሆን ያሰማራው አባትም ነበርና። ሴቶች ልጆች በዚሁ ዕድሜ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ከእናት ጎን ተንበርክኮ ወፍጮ መግፋት ይጀምራሉ። የወንዱ ሥራ ቀን ይጀምርና ማታ ያልቃል፤ የሴቷ ሥራ ዶሮ ሳይጮህ ጀምሮ ማታም አያልቅም ነበር። እኅቶቼ ተረት ሲሰሙ እጃቸው ጥጥ ይፈትላል፤ የኛ እጅ ግን ባዶውን ነበር።

ስለ ፍየል ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ ከልጅነቴ ሁሉ ሰፊውን ድርሻ የያዘው እርሱ ነውና። የዋግና የአበርገሌ ፍየል አነስተኛ ገላ ያለው፣ ገደል የማይፈራ፣ ቁጥቋጦ በልቶ ድርቅን የሚያሳልፍ ዘር ነው፤ የእንስሳት ርቢ ባለሙያዎችም አበርገሌ ብለው ከሌላው ለይተው ይጽፉታል። በመንጋችን ውስጥ አርባ ያህል ፍየል ነበረ። አርባ ነው ብዬ የማውቀው ኋላ ቆጥሬ ነው እንጂ ያን ጊዜ ቁጥሩን የሚጠይቀኝ አልነበረም። ማታ በረት ሲገቡ አንዲቱ ብትጎድል የጎደለችው ማን እንደ ሆነች፣ የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ ምን ዓይነት ቅጠል እንደምትወድና ስለዚህ በየትኛው ጥሻ ልትቀር እንደምትችል ወዲያው እናውቅ ነበር። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ዳማ የቀላች፣ ቡሬ የተዥጎረጎረች፤ ሁሉም በመልኳ ትጠራ ነበር። ተማሪ ቤት በገባሁ ጊዜ መምህሩ ሃያ ጠጠር አስቀምጠው አምስቱን አንሥተው «ስንት ቀረ?» ሲሉ፣ እኔ «የትኞቹ ናቸው የተነሡት?» ማለቴ እስከ ዛሬ በቤተ ዘመድ መካከል ይሣቅበታል። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። መቁጠር የማያውቅ ልጅ ዕውቀት የሌለው ልጅ ተደርጎ የተወሰደበት ዘመን ነበርና።

የደጋው ልጅ በጥቅምትና በኅዳር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ማሽላው እሸት ይዞ የሚበስልበት ጊዜ ነው። በእርሻው መካከል በአራት እንጨት ላይ ማማ ይቆማል፤ በማማው ላይ ልጅ ወንጭፍና የጠጠር ክምር ይዞ ይሰየማል። ጎሕ ሲቀድ የግሪሳ መንጋ እንደ ጢስ ይነሣል። አንድ ጊዜ ካረፈ የቤተ ሰቡን የሁለት ወር ቀለብ በአንድ ጠዋት ሊጨርስ ይችላልና፣ ያ ልጅ በማማው ላይ እንቅልፍ ቢጥለው ቤተ ሰቡ በነሐሴ ይራባል። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርትና ከርከሮ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የቤቱን ጎተራ በወንጭፍ ይጠብቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ከሰዓት በኋላ ወፉ ጥላ ፈልጎ ሲጠፋ ከማማ ወደ ማማ ድምፅ እያነሣን እንተራረብ ነበር። በሰነፍ ጠባቂ ላይ የሚወርደውን ስድብ እዚህ መጻፍ የመጽሔቱን ወግ ይነካል።

የሚበላው ምን ነበር ቢባል፦ የማሽላ እንጀራ፣ በደጋው የገብስ ቂጣና በሶ፣ ከሽሮ ጋር፤ ለበዓል ቅቤ፤ በመኸር ወራት ማር። የዋግ ነጭ ማር ዛሬ በከተማ ገበያ ስሙ ገንኗል። በዚያን ጊዜ ግን ቀፎ በተቆረጠበት ማታ የመንደር ልጅ ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ እያንዳንዱም በእጁ መዳፍ ቁራሽ ሰፈፍ የሚቀበልበት ሥርዓት ነበር። አያቴ ቀፎ ሲቆርጡ ለጎረቤት ልጆች ሳያካፍሉ ወደ ቤት ማር አያስገቡም ነበር። ንቡ ይሰማል ይሉ ነበር። በሜዳ የምንለቅመው ፍሬም የምግባችን ክፍል ነው፤ ቁርቁራ፣ አጋም፣ ሾላ፣ በለስ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ሲቀር፣ የልጅ ሆድ የሚውለው በዚሁ ነበር። እናቶች በዚያ ወራት ምጣዱን ማታ ብቻ ያሰማሉ። በክረምት ጠዋት ከየቤቱ ጢስ አለመውጣቱን ልጅ ሆኜ የዝናቡ ጠባይ አድርጌ እገምተው ነበር።

ገበያ ለልጅ ትልቁ ዓለም ነበር። ሰቆጣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአፋር ምድረ በዳ የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ ላስታና ወደ ጎንደር የሚያልፍባት ስመ ጥር የጨው ገበያ ነበረች። በኔ ዘመን አሞሌ ገንዘብነቱ ቀርቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተጫኑ አህዮችና ግመሎች አቧራ አሁንም የመንገዱ ምልክት ነበር። ከአባቴ ጋር ፍየል ለመሸጥ ሌሊት ተነሥተን ስንሄድ ደበሎ ለብሼ፣ በባዶ እግሬ፣ ቆሎ በኮሮጆ ይዤ ነበር። በገበያው ውስጥ በአንድ ሰዓት ኽምጣንጋ፣ አማርኛና ትግርኛ ይሰማል፤ አባቴም ሦስቱን እንደ ሸማኔ ድርና ማግ እያሳለፈ ይከራከርባቸው ነበር።

ወባ ሌላው የልጅነታችን ጌታ ነበር። የደጋ ሰው ቀን በቆላ አርሶ ለማደር ወደ ላይ የሚወጣው በሽታውን ፈርቶ ነው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ጭምር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ የጤና ጠበብት ገምተዋል። ከዚያ የወረርሽኝ ዘመን የማስታውሰው ቁጥር አይደለም፤ በመንደሩ ያልታመመው ሰው የታመመውን ማስታመም ስላልቻለ ማሽላው ሳይታጨድ በሜዳ መቅረቱን ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሰዎች ኋላ መሣሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው የየቤቱን ግድግዳ ዲዲቲ ሲረጩ ልጆች ከኋላ ከኋላቸው እንሮጥ ነበር። አሮጊቶች ሽታውን ጠልተው ያጉረመርማሉ፤ ትኋኑ በማለቁ ግን ያመሰግናሉ።

በዓል የሌለው መንደር የለም፤ የኛ ግን አንድ ልዩ በዓል ነበረው። ቡሄ ሲያልፍ፣ የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 16 ቀን ሲፈታ፣ የሴቶች ልጆች ጊዜ ይጀምራል። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዋግ ሻደይ ይባላል፤ ስሙም የሣሩ ስም ነው። ረዥሙንና ለምለሙን ሣር ከወንዝ ዳር ቆርጦ የሚያመጣ ወንድም ነበር፤ እኅቶች በወገባቸው ዙሪያ አሥረውት፣ ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በዓመቱ ውስጥ ልጃገረድ ከእናቷ ትእዛዝ ውጪ የምትውልበት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ በአዋቂ ደጃፍ የምትዘፍንበት፣ ንፉጉን ሰው በግጥም የምትነካበት ጊዜ ያ ሳምንት ብቻ ነበር። አንድ የመንደራችን ባለ ጠጋ በአንድ ዓመት ስጦታ በመንፈጉ የተገጠመበት ግጥም እስኪሞት ድረስ ተከትሎታል። ዛሬ በዓሉ በሰቆጣ በሜዳ ላይ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ በተገኘበት፣ በድምፅ ማጉያ ይከበራል። ለአገሩ ስም የሚጠቅም ነው። ነገር ግን የሻደይ ፍሬ ነገሩ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ መሄዱ፣ እያንዳንዱን ቤት መመርመሩ ነበርና፣ በሜዳ ላይ የሚዘፈነው ሻደይ ማንንም አይነካም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። በመንደራችን የቋንቋው ብዛት እንደ ሥራው ብዛት ነበር። በኽምጣንጋ ፍየል ይጠራል፣ ሕፃን ይባበላል፣ ሙሾ ይወርዳል። በግዕዝ ይጸለያል። በአማርኛ ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ግብር ይከፈላል፣ ደብዳቤ ይነበባል። ኽምጣንጋ ከአዊው አውንጊ፣ ከቅማንትኛና ከኤርትራው ብሌን ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተ ሰብ ነው፤ የዋግ ኽምራ ስም ሁለተኛው ክፍልም ከሕዝቡ መጠሪያ የተገኘ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት አገው ከሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪው ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት እየተዋሐደ የመጣበትን መንገድ አሳይተዋል። ይህን ጥናት ባነበብሁ ጊዜ የመጽሐፉን ነገር በራሴ ቤት ዐውቀው ነበር፤ አያቴ አማርኛ የሚናገሩት ዳኛ ፊት ብቻ ነበር፤ አባቴ ሁለቱን እኩል፤ እኔ ዛሬ ከልጆቼ ጋር በኽምጣንጋ አልነጋገርም። መዋሐድ የተባለው ነገር በአንድ ቤት ውስጥ በሦስት ትውልድ ሲያልፍ ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ የገባሁት ከየኔታ ዘንድ ነው። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ዳዊት። የኔታ በኽምጣንጋ ይቆጡናል፣ በግዕዝ ያስነብቡናል፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። ነገሩ የተለወጠው ኋላ ወደ መንግሥት ተማሪ ቤት በተላክሁ ጊዜ ነው። የተማሪ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ እንደርሱ ያለው በአገሩ ብዙ ነበርና። በግቢው ውስጥ ኽምጣንጋ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንዲት ቁራጭ እንጨት በእጁ ይይዛል፤ ሌላው ሲናገር ሰምቶ እስኪያስይዝ ድረስ ከእጁ አትወጣም፤ ማታ ደወል ሲደወል እንጨቲቱ በእጁ የተገኘችው ይገረፋል። እንጨቲቱ ያስተማረችን ከአማርኛ ይልቅ ጓደኛን አድብቶ ማድመጥ ነው። በጨዋታ መካከል ጓደኛህ ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ «ወይኔ» ያለበትን ቋንቋ ትጠብቃለህ። በጋራ ፍየል ስንጠብቅ አንዱ የሌላውን መንጋ ከገደል ይመልስ የነበርን ልጆች በዚያ ግቢ ተከፋፈልን። ብዙዎች በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ትተው ወደ ፍየሎቻቸው ተመለሱ፤ «ደንቆሮ ነው፣ ቀርቶበታል» ተባለላቸው። ከነርሱ አንዱ በዝናብ ምልክት ንባብ በአገሩ ሁሉ የሚጠየቅ ሰው ሆኖ አርጅቷል።

በዚህ ላይ ታሪክ ያኖረው ምጸት አለ። በኛ ግቢ የሚያስገርፈው ቋንቋ በውጭ አገር የታተመ መጽሐፍ ነበረው። ሊዮ ራይኒሽ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ስለ ኽምር ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና አሳትሟል፤ ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒም ከእርሱ በኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ስለ አበርገሌው ኽምጣ ጽፏል፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዋስውን በአጭሩ አቅርቧል። የቋንቋው ባለቤት የሆነው ልጅ ግን አንዱንም ሳያይ አደገ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ እኔም አስተማሪ ሆኜ በተሰለፍሁበት ጊዜ፣ መጀመሪያ በአምስት ቋንቋ፣ ኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋ መማሪያ ተዘጋጀ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ከአሥራ አምስቱ መካከል ግን አንድም የአገው ቋንቋ አልነበረበትም። ኽምጣንጋ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው፤ ዛሬ በዞኑ ውስጥ ልጆች በአፍ መፍቻቸው ፊደል ይቆጥራሉ። የዚያች እንጨት ትውልድ የሆንን አያቶች ግን ለልጅ ልጆቻችን የቤት ሥራ ልንረዳቸው ስንቀመጥ በራሳችን ቋንቋ ማንበብ ይቸግረናል።

ረሃቡን ሳይጠቅሱ የዋግን ልጅነት መናገር አይቻልም። በ1957 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሸሸ፤ የሚመጣው ዓመት በወሎ ሰሜናዊ አውራጃዎች የረሃብ ዓመት ሆነ። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበርና አስተውሎቴ ሙሉ ነው። ረሃብ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በሥርዓት ይመጣል። መጀመሪያ ምግቡ ከሁለት ወደ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ቀጥሎ ፍየል ይሸጣል፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፣ ሁሉ እህል ስለሚፈልግ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። በደጉ ዘመን በርካታ ቁና እህል የምታወጣው ቦራ በሁለት ቁና ማሽላ ስትሄድ ገመዱን ይዤ ገበያ ያደረስኋት እኔ ነበርሁ። ከዚያ የቤት ዕቃ፣ ከዚያ የሴቶች ጌጥ፤ በመጨረሻም በሬ። በሬውን የሸጠ ሰው የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ዓመትም እንደ ሸጠ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ በሬ በተሸጠበት ቤት ልቅሶ እንዳለበት ቤት ሰው ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ስለ መጋለጡ ባሳተሙት መጽሐፍ የዚያን የወሎ ረሃብ ወሬ ከቢሮ ወደ ቢሮ በደብዳቤ ሲንከባለል ወራት ማለፋቸውን መርምረው ጽፈዋል። ደብዳቤው በመንገድ ሳለ በመንደራችን ሁለት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ተቀበሩ፤ አንዱ ግልገል ለመጠበቅ ገና ያልደረሰ ነበር።

የ1965 ዓ.ም. ረሃብ በዓለም ታወቀ፤ ዙፋን በማናወጥ ረገድ የነበረውን ድርሻ ብዙዎች ስለ ጻፉበት እዚህ አልደግመውም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በዋግ የፈጠረው ለውጥ በደቡቡ አገር እንደ ፈጠረው አልነበረም፤ አገሩ የርስት አገር ነበርና ገበሬው ጭሰኛ ሳይሆን ቁራጭ መሬቱን ከወንድሞቹ ጋር የሚካፈል ባለ ርስት ነበረ። ችግሩ የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ሳይሆን፣ ከመሬቱ ምን ቀረ የሚለው ነበር። ከዚያም ጦርነት ገባ። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. በዚሁ በዋግ ምድር ተመሠረተ፤ መንደሮች ቀን የአንዱ፣ ሌሊት የሌላው ሆኑ። በዚያ መካከል የ1977ቱ ድርቅ ደረሰ። ከዋግ የሚነሣው ሰው በእግሩ ወደ ቆረም ይሄድ ነበር፤ በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም ያሳየው የቆረም ሜዳ በብዙ ዋግ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ከዚያው ዓመት ጀምሮ በሠፈራ ፕሮግራም ከሰሜኑ ክፍለ ሀገሮች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ፤ ከወሎ የሄደው ይበዛል። ታናሽ ወንድሜም ከነልጆቹ ወደ አሶሳ ከሄዱት አንዱ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ በግቢው ጥግ አራት እንጨት አቁሞ ማማ ሠርቶ አገኘሁት። በዚያ ለምለም አገር የሚጠብቀው ማሽላ ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የለም፤ ልጆቹ እንዲያዩት ነው» አለኝ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የዋግ ኽምራ ሕዝብ ከ426,000 በላይ መሆኑ ተመዝግቧል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት መቀንጨራቸውን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። ከተማይቱ ከድርቅ ጋር ስሟ የተያያዘ በመሆኑ ነው የተመረጠችው። ስሙን በሰማሁ ጊዜ ሁለት ስሜት ተሰማኝ፤ የተረሳ አገር መታወሱ ደስ አሰኘኝ፤ በምን መታወሱ ግን አሳሰበኝ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣን ከያዘ በኋላ፣ ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ትተው በሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ለረዥም ጊዜ ኖረዋል። በመጠለያ የሚያድግ ልጅ ፍየልም ማማም የለውም፤ ስለ ልጅነቱ ምን ይናገር ይሆን የሚለው የኔ ትውልድ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነው።

ስለ ተከዜም አንድ ነገር ልጨምር። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ በዝቋላ፣ በሰሐላና በአበርገሌ ወረዳዎች ጠርዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ። እኛ ልጆች ሳለን ተከዜ የሚፈራ ወንዝ ነበር፤ በክረምት ወደ እርሱ የሚወርድ ልጅ በእናቱ ይረገማል፤ ዓሣ መብላትም ከብዙው ቤት ልማድ ውጪ ነበር። ዛሬ በሐይቁ ዳር የዝቋላ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ ያሠግራሉ። ባለፈው ጊዜ ወርጄ ባየሁ ጊዜ አንድ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ መረብ ሲፈታ አገኘሁ። በኽምጣንጋ ሰላምታ ሰጠሁት፤ በኽምጣንጋ መለሰልኝ። ከመረቡ ያወጣቸውን ዓሦች በየዓይነታቸው ለይቶ አሳየኝ፤ የአንዱን ስም፣ የሌላውን ስም፣ የትኛው በየትኛው ጥልቀት እንደሚገኝ፣ የትኛው በጨረቃ ሌሊት እንደማይያዝ ነገረኝ። ስንት እንደ ያዘ አልጠየቅሁትም።